ወሲባዊ ጥቃት ለደረሰባቸው ልጆች የሚሰጥ ሥነ ልቦናዊና ማኅበራዊ ድጋፍ ምንድን ነው?

ይህ ድጋፍ ሲነሣ ብዙ ሰው የሚታየው አንድ ልጅ ከአማካሪ ፊት ተቀምጦ የደረሰበትን እያለቀሰ ሲናገር ነው። «ይናገረውና ይውጣለት» ይባላል። ሐሳቡ ቅን ነው፤ ልጁን ግን ሊጎዳው ይችላል። ጥቃቱ ከልጁ የነጠቀው በገዛ አካሉ ላይ ያለውን ሥልጣንና በአዋቂዎች ላይ የነበረውን እምነት ነው። ሳይፈልግ እንዲናገር ማስገደድም ያንኑ መድገም ነው። ድጋፉ እነዚህን ሁለት ነገሮች ለልጁ የመመለስ ሥራ ሲሆን፣ አብዛኛው የሚሠራው ከምክር ክፍሉ ውጭ ነው።

ሁሉንም የሚቀድመው ጥያቄ «ልጁ ዛሬ የት ያድራል?» የሚለው ነው። አጥቂው በአብዛኛው ልጁ የሚያውቀው ሰው ነው፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አስተማሪ፣ አንዳንዴም ወላጅ። ከአጥቂው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ለሚያድር ልጅ ምክር መስጠት ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ነው። ቀጥሎ ሕክምናው ይመጣል፤ እዚህ ላይ ሰዓት ይቆጠራል። ከኤች አይ ቪ የሚከላከለው መድኃኒት ጥቃቱ በደረሰ በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። ለአቅመ ሔዋን ለደረሰች ልጅ የሚሰጠው ድንገተኛ የእርግዝና መከላከያ ደግሞ እስከ 120 ሰዓት ድረስ ያገለግላል፤ በቶሎ ሲወሰድ የበለጠ ይሠራል። ይህ የሐኪም ድርሻ ብቻ ቢመስልም አይደለም። ምን እንደሚደረግለት አስቀድሞ የተነገረውና «ይቁም» ሲል የቆመለት ልጅ ምርመራውን እንደ ሁለተኛ ጥቃት አያየውም።

አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ምክር ክፍል ገባች እንበል። ሥራውን የሚያውቅ ባለሙያ ስለ ጥቃቱ በመጠየቅ አይጀምርም። የት መቀመጥ እንደምትፈልግ፣ በሩ ገርበብ ይበል ወይስ ይዘጋ፣ እናቷ አብራት ትግባ ወይስ ውጭ ትጠብቅ ይጠይቃታል። ወረቀትና ቀለም ያቀርብላታል፤ ባትሥልም ቅር አይለውም። ምርጫዎቹ ጥቃቅን ናቸው። ሆኖም አንድ አዋቂ ጠይቋት መልሷን ሲያከብር ታያለች። ባለሙያው «ለማንም አልናገርም» ብሎ ቃል አይገባላትም፤ ለደህንነቷ ሲባል ሌላ ሰው ማወቅ የሚኖርበት ጊዜ እንዳለ ከጅምሩ በሚገባት አነጋገር ያስረዳታል። ምሥጢር ጠብቂ ሲላት የኖረው አጥቂው ነውና፣ ረዳቷ ያንን ቃል መዋስ የለበትም።

ቅዠቱ፣ ፍርሃቱና ራስን መውቀሱ ለወራት ያልለቀቃቸው ልጆች የተለየ ሕክምና ያስፈልጋቸዋል። ኮኸን፣ ማናሪኖና ዴብሊንገር የተባሉ ባለሙያዎች ያዳበሩት፣ በሥነ ልቦና ጉዳት ላይ ያተኮረው የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና በዚህ ረገድ በብዙ ጥናት የተፈተሸ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 16 ክፍለ ጊዜ ይወስዳል። ታሪኩን መናገር በዚህ ሕክምናም ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ቅድሚያ አይሰጠውም። ልጁ በመጀመሪያ አተነፋፈሱን ማረጋጋት፣ ስሜቱን በስሙ መጥራትና ክፉ ሐሳብ ሲመጣበት መቋቋም ይማራል። ወደ ታሪኩ የሚገባው ከዚያ በኋላ፣ ቀስ በቀስ፣ በራሱ አቅም ልክ ነው።

በዚሁ ሕክምና ውስጥ አሳዳጊውም የራሱ ክፍለ ጊዜ አለው። በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ የተዘነጋው ይህ ነው። ለልጁ ማገገም ትልቅ ክብደት ካላቸው ነገሮች አንዱ በጥቃቱ እጅ የሌለበት ወላጅ የሚያሳየው እምነትና እርጋታ ነው። እናትየዋ ግን ራሷ ተሰብራ ሊሆን ይችላል፤ እንጀራዋ በአጥቂው እጅ ያለም ትኖራለች። «ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም?» የሚለው ጥያቄ ከእናት ሲመጣ ጭንቀት ነው፣ ልጅ ጆሮ ሲደርስ ግን ወቀሳ ይሆናል። ስለዚህ ወላጆች የሚሰለጥኑት በቀላል ዓረፍተ ነገሮች ነው፦ «አምንሻለሁ»፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም»፣ «መናገርሽ ጥሩ ነው»። የመኝታና የምግብ ሰዓትን እንደ ቀድሞው ማስኬድ፣ አልጋ ላይ መሽናት የጀመረን ልጅ አለመቆጣት፣ ወደ ትምህርት ቤት እንዲመለስ መርዳትም ከድጋፉ ውስጥ ናቸው።

ልጁ ነገሩን ተናግሮ ሲያበቃ «ውሸቴን ነው» ማለቱም ያጋጥማል። አሜሪካዊው የሥነ አእምሮ ሐኪም ሮላንድ ሰሚት እ.ኤ.አ. በ1983 እንደጻፈው፣ ዘግይቶ መናገርና የተናገሩትን መካድ በእነዚህ ልጆች ዘንድ የሚታይ ነገር ነው። አባት ሲታሰር፣ እናት ስታለቅስ፣ ዘመድ ሲያኮርፍ ያየ ልጅ ቤቱን ለማዳን ቃሉን ቢያጥፍ ምን ይገርማል? ድጋፉ በዚህ ምክንያት መቋረጥ የለበትም። ወንዶች ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ ጭራሹን ዝም ይላሉ፤ «ወንድ ልጅ አይደፈርም» የሚለው እምነት አፋቸውን ይዘጋዋል።

ደጋግሞ መጠየቁም ራሱን የቻለ ጉዳት ነው፦ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግ፣ ለዳኛ። አይስላንድ እ.ኤ.አ. በ1998 የከፈተችው «የልጆች ቤት» ለዚህ መላ አበጅቷል። ልጁን የሠለጠነ አንድ ሰው ብቻ ያነጋግረዋል፤ ሌሎቹ ከሌላ ክፍል ሆነው ይከታተላሉ፤ ንግግሩም ይቀረጻል። ሕክምናውና ምክሩም እዚያው ነው። አሠራሩ ወደ ሌሎች የአውሮፓ አገሮች ተስፋፍቷል።

ድጋፉ የሚያበቃበት ቀን አስቀድሞ አይቆረጥም። ደህና ሆኖ የከረመ ልጅ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ሲደርስ፣ አጥቂው ከእስር ሲፈታ ወይም ጉርምስና ሲመጣ እንደገና ሊረበሽ ይችላል። በደንብ የሚሠራ ተቋም ለዚህ ይዘጋጃል፤ ለቤተሰቡም ያኔ ማንን መጥራት እንደሚችል አስቀድሞ ይነግራል።