«የሕዝብ ምርጫ» ሽልማት ምንድን ነው?

«ሕዝብ የመረጠውን ሥዕል ዳኞች ቀሙት።» ይቺን አባባል በዚህ ወር ብቻ ስንቴ እንደሰማኋት እንጃ፣ የመጨረሻዋ ግን እዚሁ ጎንደር ፒያሳ ማኪያቶዬን ይዤ ቁጭ ባልኩበት አንድ የጥበብ ተንታኝ ነኝ ባይ ድምፁን ከፍ አድርጎ ለጎረቤት ጠረጴዛ ሁሉ ሲያብራራ ነው፣ በቃ ያኔ ሞላብኝ። አገር አቀፍ የሥዕል ውድድር ምን እንደሆነ፣ ዳኛ ምን እንደሚሠራ አልነግራችሁም፣ ታውቁታላችሁ። እኔን የሚያበግነኝ «የሕዝብ ምርጫ» የምትለዋ ቃል ናት።

የሕዝብ ምርጫ ማለት ሕዝቡ የወደደው ሥዕል ማለት አይደለም። ድምፅ ለመስጠት የተነሱት ሰዎች ድምፅ የሰጡት ሥዕል ማለት ነው። ሁለቱ አንድ የሚመስለው ሰው አዝማሪ ቤት ይሂድ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ይዞራል፣ አንተ ጋ ሲደርስ ዘር ማንዘርህን እየጠራ ያወድስሃል፣ አንተም ደስ ብሎህ ብር አውጥተህ ግንባሩ ላይ ትለጥፋለህ። እኩለ ሌሊት ላይ ያን ብር ሰብስበህ ብትቆጥረው ምን ለካህ? ማን ብዙ ጓደኛ ይዞ እንደመጣ፣ ማን ደሞዝ እንደወጣለት፣ ማን ሦስተኛው ብርሌ ላይ እንደደረሰ። ጥግ ላይ የተቀመጡት ማሲንቆ አዋቂ ሽማግሌ ደግሞ የሚሰሙት ሌላ ነው፣ ጭራው በደንብ መወጠሩን፣ ከትዝታ ወደ ባቲ ሲሻገር ቅኝቱ መንሸራተቱን፣ «ተቀበል!» ሲባል ግጥሟን አሳምሮ መቀበሉን ወይ መስበሩን። ብሩ ውሸት ነው እያልኩ አይደለም፣ እሱም ሽልማት ነው፣ አዝማሪው ልጆቹን የሚያሳድረው በሱ ነው። ግን ብር የለጠፈው ሰውዬ ተነስቶ «እኚህ ሽማግሌ ፍርዴን ቀሙኝ» ቢል ቤቱ በሳቅ ነው የሚሞተው። ኦንላይን ሲሆን ደግሞ ይብሳል፣ እዚያ ለጣፊው ቤቱም አልገባ፣ ማሲንቆውንም አልሰማ፣ የአጎቱ ልጅ በቴሌግራም ሊንክ ስለላከለት በር ላይ ቆሞ ነው የሚለጥፈው። ድምፁ በኤስኤምኤስ ሆኖ እያንዳንዷ መልእክት የምታስከፍል ከሆነችማ ምሳሌነቱም ቀረ፣ ራሱ አዝማሪ ቤቱ ነው።

የፒያሳው ተንታኝ «ውጭ አገር እኮ ሕዝብ ነው የሚመርጠው» አለ። የቱ ውጭ? አሜሪካ ሚሺጋን፣ ግራንድ ራፒድስ ከተማ የሚካሄደው አርትፕራይዝ የሚባል የጥበብ ውድድር በ2009 ሲጀመር (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው) የአንደኛውን 250 ሺህ ዶላር በሕዝብ ድምፅ ብቻ ነበር የሚሰጠው፣ እውነት ነው። በ2014 ግን 200 ሺህ ለሕዝብ፣ 200 ሺህ ለዳኞች ብለው እኩል አካፈሉት። የሚገርመው በዚያው ዓመት የአርቲስቷ የአኒላ ቃዩም አጋ ሥራ፣ ውስጡ መብራት ያለው ቅርጽ የተቦረቦረበት ሣጥን ነው፣ ክፍሉን ሙሉ በጥላ ያለብሰዋል፣ የሕዝቡን አንደኛ ወሰደና የዳኞቹንም ከሌላ ሠዓሊ ጋር ተካፈለ። ስለዚህ ሕዝብና ዳኛ ሁሌ ጠበኛ ናቸው የሚለውም ወሬ ነው። አውስትራሊያ ውስጥ ከ1921 ጀምሮ የሚሰጠው አርችባልድ የተባለው የሰው ምስል ሥዕል ሽልማት ደግሞ ከ1988 ወዲህ የሕዝብ ምርጫ የሚባል ሽልማት አለው፣ ግን ለብቻው ነው፣ ከዋናው ጋር አይደመርም፣ ድምፅ የሚሰጠውም ኤግዚቢሽኑን ሊያይ የመጣ ተመልካች ነው። ሥዕሎቹን ከማሸጊያ አውጥተው የሚሰቅሉት ሠራተኞች እንኳ የራሳቸው ሽልማት አላቸው፣ እኔ በጣም የምወደው እሱን ነው፣ ቢያንስ ሥዕሉን ተሸክመውታል።

እኛ ጋ የሚወደደው ግን መደመር ነው። «ዳኛ 70 ፐርሰንት፣ ሕዝብ 30 ፐርሰንት»፣ ሲሰሙት ዳኛው የበላይ ይመስላል አይደል? እስቲ ይቺን አስሉ። አንደኛው ሠዓሊ ከዳኞች ከመቶ 86 አገኘ፣ ከሕዝቡ ድምፅ 12 ፐርሰንት። ሁለተኛው ከዳኞች 78፣ ከሕዝቡ 48 ፐርሰንት። የመጀመሪያው 60.2 እና 3.6፣ ድምር 63.8። ሁለተኛው 54.6 እና 14.4፣ ድምር 69። ሁለተኛው አሸነፈ፣ ያውም በሰፊው። ለምን ቢባል ዳኞች ማርክ ሲሰጡ 70ዎቹና 80ዎቹ ውስጥ ነው የሚርመሰመሱት፣ የሕዝቡ ድምፅ ግን ከ2 እስከ 60 ይዘረጋል፣ የሚወስነው ደግሞ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ፐርሰንት ሳይሆን የነጥቡ መራራቅ ነው። እኔ ራሴ የዳኘሁበት አንድ ውድድር ላይ ይሄንን ለአዘጋጆቹ በወረቀት አስልቼ አሳይቻለሁ፣ «ጋሼ፣ ፖስተሩ ታትሟል» ነበር መልሱ።

ዳኛ ንጹሕ ነው እያልኩ ነው? ኧረ በጭራሽ። የሥዕል ሰፈር ትንሽ ነው፣ ሁላችንም ወይ ያስተማርነው ወይ ያስተማረን ሰው ሥዕል ፊት ነው የምንቆመው፣ ያስተማርኩት ልጅ ሥራ ሲመጣ እኔ ከክፍሉ ወጥቻለሁ ግን ሁሉም አይወጣም። ጠዋት የሚታዩት ሥዕሎች ላይ ንፉግ ነን፣ ከምሳ በኋላ ደግ። ይሄ ለብቻው መነጋገሪያ ነው፣ ግን ሳልናገረው እንዳልፍ ሙያው አይፈቅድልኝም። ሆኖም ሠዓሊው ገብረ ክርስቶስ ደስታ በ1965 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የሥነ ጥበብ ሽልማት ሲያገኝ አብስትራክት፣ የነገሩን መልክ እንዳለ የማይገለብጠው ሥዕል፣ ለአብዛኛው ሰው እንግዳ ነበር፣ በሊንክ ድምፅ ቢሰጥበት ኖሮ እኔ በበኩሌ ያሸንፋል ብዬ አምስት ብር አላስይዝም።

ሌላው ችግር ፎቶ ነው፣ ኦንላይን ድምፅ የሚሰጠው ሰው የሚያየው የሥዕሉን ፎቶ ነው። ወፍራም ቀለም በስልክ ይተኛል፣ ቫርኒሽ ያንጸባርቃል፣ ሁለት ሜትር ሸራና የመጽሐፍ ገጽ የምታህል ሥዕል መዳፍ ላይ እኩል ናቸው። እዚሁ ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ገብቶ አንገቱን ቀልብሶ እነዚያ የመላእክት ዓይኖች ቁልቁል ያዩት ሰው ጣሪያውን በፎቶ ካየው ጋር አንድ ነገር አይተዋል? ስለዚህ የሕዝብ ድምፅ ይኑር፣ ግን አዳራሹ ውስጥ፣ ለአንድ ሰው አንድ ወረቀት፣ ሽልማቱም ለብቻው።

ይሄን ሁሉ ለሰውዬው ስነግረው ቆየሁና «ለመሆኑ አንተ ያ ተቀማ የምትለው ሥዕል ስንት በስንት ነው?» አልኩት።

«ይሄው» ብሎ ስልኩን ወደኔ አዞረው።