ዲሲና አካባቢዋ ቤት አጠገብ ያለ ትልቅ ዛፍ በባለሙያ ማስከርከም

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሌክሳንድሪያ ወይ እዛው ዲሲ ውስጥ ቤት የሚገዛ ሀበሻ ብዙ ጊዜ ከቤቱ ጋር በዕድሜ ቤቱን የሚበልጥ ዛፍም አብሮ ይረከባል፣ ኦክ ወይ ቱሊፕ ፖፕላር ወይ ሜፕል። ጥላው ሰመር ላይ ትልቅ በረከት ነው፣ ንፋስ ሲመጣ ግን ስጋት ነው። እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2012 ማታ ዴሬቾ የሚባለው ንፋስ ሲያልፍ በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ከ1 ሚሊዮን በላይ ደንበኛ መብራት ጠፍቶበት ነበር፣ ብዙ ቦታ መስመሩን የበጠሰው የወደቀ ዛፍ ነው።

ከእንደዚህ አይነቱ በኋላ ሰው የሚያስበው አናቱን ማስቆረጥ ነው፣ እዚህ ቶፒንግ ይሉታል። እኛ ደግሞ ባህር ዛፍ እያየን ስላደግን ከጉቶው እንኳን ቢቆረጥ መልሶ እንደሚያቆጠቁጥ እናውቃለን፣ ስለዚህ ምንም የሚሆን አይመስለንም። ያረጀ ኦክ ግን እንደዛ አይደለም! አናቱ ሲቆረጥ ምግብ የሚሰራለት ቅጠል አብሮ ይሄዳል፣ ትልቁ ቁስል አይዘጋም ውሃ ገብቶ ይበሰብሳል፣ ከዳር ዳር የሚወጣው አዲስ ቀንበጥ ደግሞ ቶሎ ይረዝማል ግን የተያያዘው ከላይ ከላይ ስለሆነ ከጥቂት ዓመት በኋላ ጣራ ላይ የሚወድቀው እሱ ነው። ማለትም ሰው ብር ከፍሎ አደጋውን ያሳድጋል። ቶፒንግ እሰራለሁ ብሎ በር የሚያንኳኳን ሰው መሸኘት ነው።

ትክክለኛው ስራ የደረቀውን፣ የታመመውን፣ እርስ በርሱ የሚፋተገውንና ጣራ የሚነካውን መርጦ መመልመል ነው፣ በአንድ ጊዜ ከሩብ በላይ ቅጠል አይነሳም፣ ካረጀ ደግሞ ከዛም ያነሰ። ከባድ ቅርንጫፍ በሶስት ጊዜ ይቆረጣል፦ መጀመሪያ ከግንዱ ትንሽ ራቅ ብሎ ከስር ይነካል፣ ቀጥሎ ከዛ ወጣ ብሎ ከላይ ተቆርጦ ይወድቃል (ከስር ካልተነካ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ልጦ ይሄዳል)፣ መጨረሻ ላይ የቀረው ጉማጅ ግንዱ ጋ ካለው እብጠት ውጪ ይቆረጣል፣ እብጠቱ ራሱ አይነካም ምክንያቱም ቁስሉን የሚዘጋው እሱ ነው። ጣራ በላይ ያለው በገመድ ታስሮ ቀስ ብሎ ይወርዳል። በህይወት ያለ ዛፍ ሊከረክም የመጣ ሰው እግሩ ላይ ሹል ብረት አስሮ ግንዱን እየወጋ ከወጣ ስራውን አያውቅም ማለት ነው። ጥሩው ጊዜ ዊንተር ነው፣ ቅጠል ስለሌለ የቅርንጫፉ አቀማመጥ ፍንትው ብሎ ይታያል። ከኤሌክትሪክ መስመር 10 ጫማ ውስጥ ያለውን ግን ማንም ዝም ብሎ አይነካም፣ መጀመሪያ መብራት ድርጅቱ ጋ ይደወላል።

አይ ኤስ ኤ የሚባለው የዛፍ ባለሙያዎች ማህበር ፈትኖ ሰርተፋይድ አርቦሪስት (የተመሰከረለት የዛፍ ባለሙያ) የሚላቸው አሉ፣ የሰርተፊኬት ቁጥራቸው ኦንላይን ይጣራል። ሜሪላንድ ላይ ከዚህ በተጨማሪ የስቴቱ ላይሰንስ የግድ ነው። ኢንሹራንሱም ለንብረትም ለሰራተኛውም መሆን አለበት፣ ወረቀቱን ከኢንሹራንስ ኩባንያው በቀጥታ ማስላክ ይሻላል።

ህጉ ላይ ዲሲ ጠንካራ ናት። የግንዱ ዙሪያ 44 ኢንች (112 ሴንቲ ሜትር ገደማ) ከደረሰ ስፔሻል ትሪ ይባላል፣ ያለ ፐርሚት ማስቆረጥ ክልክል ነው፣ ቶፒንግም እዛው ህግ ውስጥ አብሮ ተከልክሏል። 100 ኢንች ከደረሰ ሄሪቴጅ ትሪ ነው፣ ጤነኛ ከሆነ ቆርጦ መጣል አይቻልም። የሚለካው ከመሬት 4 ጫማ ተኩል ከፍታ ላይ ነው። በእግረኛ መንገዱና በአስፋልቱ መሃል ያለው ዛፍ ደግሞ የከተማው ነው፣ ለሱ 311 ይደወላል።

ከጎረቤት የተሻገረ ቅርንጫፍ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም እስከ ድንበር ድረስ በራስ ወጪ መቁረጥ ይቻላል፣ ዛፉን የሚገድል ቆረጣ ግን ክስ ያመጣል። ቨርጂኒያ ላይ ከ2007ቱ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ወዲህ ዛፉ ቤት እየጎዳ ከሆነ ባለቤቱን መክሰስም ይቻላል፣ ግን አርቦሪስት ከመጥራት በፊት ጎረቤትን አናግሮ ወጪውን መካፈል ይቀድማል፣ ብዙ ሰውም እሺ ይላል።