የሰርዶ የዘረመል ካርታ፦ ለድሬዳዋና ለሐረር ሜዳዎች

አህያ «እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል» ያለችለት ሣር በሞቃት አገሮች የኳስ ሜዳና የግቢ ሣር ዋነኛው ነው። ቢታጨድና ቢረገጥም ያቆጠቁጣል። ዝርያዎቹ ግን በቅጠል ስፋት፣ በድርቅ መቋቋምና መሬት በመሸፈን ፍጥነት በእጅጉ ይለያያሉ። ልዩነቱ በየትኛው ክሮሞዞም፣ ከየትኛው የዲኤንኤ ምልክት (ከተክል ተክል የሚለያይ፣ በላቦራቶሪ የሚነበብ ነጥብ) አጠገብ እንደተቀመጠ የሚያሳየው የዘረመል ካርታ ነው። መለኪያው ሴንቲሞርጋን ይባላል፤ 1 ሴንቲሞርጋን የሚራራቁ ሁለት ምልክቶች ከ100 ልጆች በግምት በ1ዱ ተነጣጥለው ይወረሳሉ።

አስቸጋሪው የክሮሞዞሙ ብዛት ነው። ተራው ሰርዶ አብዛኛውን ጊዜ 36፣ ቀጭን ቅጠል ያለው የደቡብ አፍሪካ ዘመዱ ደግሞ 18 ክሮሞዞም አለው። ሲዳቀሉ 27 ያላቸው መካን ልጆች ይወለዳሉ። በአሜሪካ ጆርጂያ ቲፍተን ተመርጦ እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው ቲፍዌይ የተባለው የሜዳ ሣር እንዲህ ያለ ነው፤ ዘር ስለማይሰጥ የሚተከለው በቁራጭ ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 የታተመው የሰርዶ ካርታም ከ113 መሰል ዲቃሎች የተሠራ ሲሆን፣ በአንድ ወላጅ ላይ በአንድ ቅጂ ብቻ የሚገኙና ከልጆቹ ለግማሽ ያህሉ ብቻ የሚደርሱ ምልክቶችን ተጠቅሟል።

ናሙና ሲወሰድ ለጋ ቅጠል ተቆርጦ ወዲያው በሲሊካ ጄል ይደርቃል። በድሬዳዋ ሙቀት በላስቲክ ታሽጎ የዋለ ቅጠል ይበሰብስና ዲኤንኤው ይሰባበራል። 20 ሚሊግራም ያህል ደረቅ ቅጠል ተፈጭቶ፣ ዲኤንኤን ከቅጠል በሚያወጣው በሲታብ ፈሳሽ በ65 ዲግሪ ሴልሺየስ ለአንድ ሰዓት ያህል ይቆያል። ዲኤንኤው ዝልግልግ ሆኖ ከወጣ ስኳር አልለቀቀውም፤ ካልታጠበ ዲኤንኤን የሚያባዛው ሂደት፣ ፒሲአር፣ አይሠራም። ምልክቶቹ ከተነበቡ በኋላ በአንድ ቡድን የሚመደቡት ብዙውን ጊዜ የሎድ ዋጋቸው 3 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ነው፤ ይህም ምልክቶቹ አብረው የሚወረሱት ተጎራባች ስለሆኑ የመሆኑ ዕድል በአጋጣሚ ከመሆኑ ጋር ሲነጻጸር 1,000 ለ1 ነው ማለት ነው።

ካርታውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ላቦራቶሪው ሳይሆን የዲቃሎቹ ባህርይ የሚለካበት መስክ ነው። ሰርዶ ከላይም ከምድር ውስጥም ይሳባል፤ የአንዱ መደብ ሣር ጎረቤቱን ከወረረ የሚለካው ሌላ ተክል ይሆናል። ስለዚህ 1 ሜትር በ1 ሜትር በሆኑ መደቦች መካከል ቢያንስ 1 ሜትር ባዶ መሬት ይተዋል፤ በየሳምንቱም ጠርዙ ይቆረጣል። አሸዋማ አፈር ባለበት የአሸዋው ጥልቀት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ፣ ድርቅ የቻለ የመሰለው ተክል እርጥብ ቦታ ደርሶት ሊሆን ይችላል። እያንዳንዱን ዲቃላ በዕጣ በተመደቡ 3 ቦታዎች መትከል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ውሃ ከተቋረጠ በኋላ መደቡ ከአንድ ከፍታ፣ በተመሳሳይ ሰዓት ፎቶ ይነሳና አረንጓዴው በመቶኛ ይሰላል፤ በዓይን ግምት ከሚሰጠው ከ1 እስከ 9 ነጥብ ይልቅ ይህ ይታመናል።

ድሬዳዋና ሐረር ለዚህ ሥራ የተመቹ ጥንድ ናቸው። ድሬዳዋ 1,200፣ ሐረር 1,900 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆኑ፣ የሚለያያቸው 50 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው፤ ሐሮማያ ዩኒቨርሲቲም በዚያው መንገድ ላይ ይገኛል። ሰርዶ በቁራጭ ስለሚባዛ ያው አንድ ተክል በሁለቱም ከተማ ሊተከል ይችላል። በድሬዳዋ ሙቀት ብቻ የሚታይ ውጤት ያለው የክሮሞዞም ክፍል በሁለቱም ከሚሠራው የሚለየው እንዲህ ነው።

ጥቅሙ በችግኝ ፌስታል ላይ ይታያል፦ ሜዳው እስኪለብስ ወራት ሳይጠበቅ በቅጠል ናሙና ብቻ የማይፈለገው ይወገዳል። ሆኖም ከጥቂት ልጆች የተገኘ ውጤት መጠኑ ተጋኖ ስለሚታይ፣ ውጭ አገር የተገኘ ምልክት በአካባቢው ሰርዶዎች ላይ ሳይፈተሽ ለመምረጫ አይውልም።