ሲያኖጄኒክ ግላይኮሳይድ ምንድን ነው?

አጎቴ ወሎ ውስጥ ቆቦ አካባቢ ማሽላ ያርሳል። ልጅ ሳለሁ አንድ ክረምት ጊደሩ ሞተችበት። በሰኔ ዝናቡ ጠፍቶ ማሽላው ጠውልጎ ከርሞ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናብ ጣለና ቡቃያውን ለማሳሳት ሽልሻሎ አረሰ። የተነቀለውን ቡቃያ ሰብስቦ ለጊደሯ ሰጣት። ብዙም አልቆየች። ትንፋሿ ተጣደፈ፣ አፏ አረፋ ደፈቀ፣ ተንገዳግዳ ወደቀች። አንዱ ጎረቤት “ዓይን ነው” አለ፣ ሌላው “እባብ ነድፏት ነው”። አክስቴ ብቻ “ማሽላው ነው የገደላት” ብላ ድርቅ አለች።

አክስቴ ልክ ነበረች። ያን ማሽላ መርዛማ ያደረገው ነገር ሲያኖጄኒክ ግላይኮሳይድ ይባላል። ግላይኮሳይድ ስኳር የተያያዘበት ውህድ ነው፤ ሲያኖጄኒክ ደግሞ ሲያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያወጣ ማለት ነው። በማሽላ ውስጥ ያለው ዓይነት ዱሪን ይባላል። ስያሜው የመጣው ዓረቦች ማሽላን ከሚጠሩበት “ዱራ” ከሚለው ቃል ነው።

ቅጠሉ ውስጥ ተዘጋጅቶ የተቀመጠ ሲያናይድ የለም። ተክሉ ውህዱን በአንድ ክፍል፣ ውህዱን የሚሰብረውን ኢንዛይም በሌላ ክፍል ለያይቶ ያስቀምጣቸዋል። ሳይነካ እስካለ ድረስ አይገናኙም። ቅጠሉ ሲታኘክ ወይም ሲወቀጥ ግን መለያው ይፈርሳል፣ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ ሃይድሮጅን ሲያናይድ ይወጣል። ተክሉ የሚበላውን ተባይ የሚከላከልበት ዘዴ ነው። መርዙ የሚፈጠረው እንግዲህ እዚያው አፍና ሆድ ውስጥ ነው። የሚያመሰኩ ከብቶች ላይ የሚበረታውም ለዚህ ነው፤ ጨጓራቸው ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ተሕዋስያንም ውህዱን ይሰብሩታል።

ሲያናይድ ሰውነት ውስጥ ሲገባ ሴሎች ኦክስጅን የሚጠቀሙበትን መንገድ ይዘጋል። ደሙ ኦክስጅን ተሸክሞ ይዞራል፣ ሴሎቹ ግን ሊጠቀሙበት አይችሉም። በዚህ የሞተ ከብት ደሙ ደማቅ ቀይ ሆኖ የሚታየው ኦክስጅኑ ሳይራገፍ ስለሚቀር ነው። መድኃኒት አለው። የእንስሳት ሐኪም ሶዲየም ናይትራይትና ሶዲየም ታዮሰልፌት በመርፌ ይሰጣል። ግን መርዙ በደቂቃዎች ውስጥ ሊገድል ስለሚችል ሐኪም የሚደርስበት ጊዜ ጠባብ ነው።

ታዲያ ወሎ ቆላው ሁሉ ማሽላ ይበላል፣ ለምን ሰው አይሞትም? የደረሰው ፍሬ ዱሪን የለውም ማለት ይቻላል። ዱሪኑ የሚበዛው በለጋ ቅጠል፣ ድርቅ በመታው ቡቃያ፣ ከታጨደ በኋላ ደግሞ ከጉቶው በሚያቆጠቁጠው ላይ ነው። የእኛ ቆላ ዝናቡ እየመጣ እየሄደ የሚያስቸግር አገር ነው። ማሽላው ጠውልጎ እንደገና ሲለመልም፣ ያ የሚያጓጓ አረንጓዴ ለከብት በጣም አደገኛው ነው። ከጉልበት በታች ያለ ማሽላ ውስጥ ከብት ባይገባ ይመረጣል፤ የሽልሻሎ ንቃዩም ለተራበ ከብት በብዛት ባይሰጥ።

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ የማሽላ ብቅል ነው። ፍሬው ሲበቅል ዱሪኑ አብሮ ይመጣል፣ የሚከማቸውም በብዛት በወጣው ቡቃያና ሥር ላይ ነው። ማድረቅ ብቻውን አያስወግደውም። ቡቃያውና ሥሩ ታሽቶ ሲነሳ ግን አብዛኛው አብሮ ይሄዳል። ለልጅ አጥሚት የማሽላ ብቅል የምትጨምር እናት ይህን ብታውቅ ደስ ይለኛል።

ሌሎችም አሉ። ተልባ የዚህ ዓይነት ውህድ አለው፤ እናቶቻችን ቆልተው መፍጨታቸው ኢንዛይሙን ስለሚያጠፋ ትልቅ ሥራ ነው። የኮክ ፍሬ ድንጋዩ ሲሰበር የሚገኘው መራራ አስኳል አሚግዳሊን የሚባል ሌላ ዓይነት ይዟል። ልጆች እየሰበሩ እንዳይበሉት መከልከል ያስፈልጋል። በደቡብ ኢትዮጵያ የሚበላው ካሳቫ ሊናማሪን የሚባለው አለው። መራራው ካሳቫ ሳይፋቅ፣ ሳይዘፈዘፍና በደንብ ሳይደርቅ ከተበላ፣ በተለይ ፕሮቲን በጎደለበት ማዕድ፣ ኮንዞ የተባለ የማይድን የእግር ሽባነት ሊያስከትል ይችላል። ሰውነት ሲያናይድን የሚያረክሰው ከፕሮቲን በሚያገኘው ድኝ ስለሆነ፣ ችግረኛው ላይ ይጠናል።

ብዙ ሰው ጓያንም ከዚህ ጋር ይቀላቅላል። እግር ማሰሩ ኮንዞን ስለሚመስል አይፈረድበትም። የጓያ መርዝ ግን ሲያናይድ የለበትም። ነርቭ የሚጎዳ አሚኖ አሲድ ነው፣ በሽታውም ላቲሪዝም ይባላል።

አጎቴ አሁንም የሽልሻሎ ንቃይ ለከብቶቹ ይሰጣል፤ ምን ያድርግ፣ ሐምሌ ላይ ሌላ መኖ የለም። አስቀድሞ ግን ጭድ ያበላቸዋል። ንቃዩን እየቆነጠረ፣ እየጠበቀ ነው የሚጨምርላቸው።