ባዮጋዝ ምንድን ነው?

ባዮጋዝ እበት፣ ሽንትና የምግብ ትርፍራፊ አየር በማይገባበት ቦታ ሲብላላ የሚወጣ ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። ከመቶ ከ50 እስከ 70 እጁ ሜቴን የሚባለው የሚነድ ጋዝ ሲሆን ቀሪው በአብዛኛው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። የሚያብላሉት ረቂቅ ተሕዋስያን በላም ሆድ ውስጥ ከሚኖሩት ጋር ዘመዳሞች ናቸው። ማብላያው መሬት ውስጥ የተቀበረ የላም ሆድ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ በየቀኑ ይበላል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ብርድ አይወድም፣ መርዝ ከዋጠ ይታመማል።

በ2001 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በያኔው ደቡብ ክልል ያስፋፋው ሲኒዱ የሚባለውን፣ ከኔፓል ንድፍ ተሻሽሎ የመጣውን ዓይነት ነው። በድንጋይና በሲሚንቶ የሚሠራ ባለ ጉልላት ጉድጓድ ነው። እበቱ ከውሃ ጋር በመቀላቀያው ገንዳ ይታሽና ወደ ውስጥ ይወርዳል። ጋዙ ጉልላቱ ሥር ሲጠራቀም ዝቃጩን፣ ማለትም የተብላላውን ድብልቅ፣ ወደ መውጫው ገንዳ ገፍቶ ከፍ ያደርገዋል። ምድጃው ሲከፈት ዝቃጩ ተመልሶ ይወርድና ጋዙን ወደ ቧንቧው ይገፋዋል። ፓምፕ አያስፈልግም፤ የግፊቱ ምንጭ የዝቃጩ ክብደት ነው።

6 ሜትር ኩብ የሚይዝ ማብላያ በቀን 35 ኪሎ ግድም ትኩስ እበትና እኩል መጠን ያለው ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃው ብቻ ሁለት ጀሪካን ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። አንድ ኪሎ እበት 40 ሊትር ገደማ ጋዝ ስለሚሰጥ፣ የቀኑ ምርት አንድ ምድጃ ለሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ያነዳል። ቀን ሜዳ የሚውል ከብት የእበቱን ግማሽ እዚያው ጥሎ ስለሚመጣ፣ የከብቱን ቁጥር ብቻ አይቶ መጠን መምረጥ ብዙ ሰው አሳስቷል። በረት ውስጥ የሚያድረውን እበት ለጥቂት ቀናት መዝኖ መወሰን ይሻላል።

መጀመሪያ ሲሞላ ከ2 ቶን በላይ እበት በአንድ ጊዜ ይገባል። ቀድሞ የሚወጣው ጋዝ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስለሚበዛበት አይነድም፤ ተለቆ እስኪያልቅ መታገሥ ነው። ጋዝ መምጣቱን ለማየት በቧንቧው ጫፍ ላይ ክብሪት መለኮስ ፈጽሞ አይገባም፤ እሳቱ ወደ ጉልላቱ ሊመለስ ይችላል። መሞከር ያለበት ምድጃው ላይ ነው።

ችግሩ ብዙውን ጊዜ ከግንባታው በኋላ ይመጣል። ውሃ ሲበዛ ድብልቁ ይቀጥንና ጠጣሩ ከሥር ይዘቅጣል፤ ውሃ ሲያንስ ደግሞ ከላይ ቅርፊት ይሠራና ጋዙን ያፍናል። የልብስ ማጠቢያ እጣቢ ወይም አንቲባዮቲክ የተወጋ ላም እበት ተሕዋስያኑን ይገድላል። ነበልባሉ ከተርገበገበ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ተጠራቅሟልና የውሃ ማጥመጃውን ከፍቶ ማፍሰስ ነው። ቢጫ ከሆነ አየር አንሶታል፤ የምድጃውን የአየር ቀዳዳ ሰማያዊ እስኪሆን ማስተካከል ይገባል። የበሰበሰ እንቁላል ሽታ ከመጣ ጋዝ እያፈሰሰ ነው፤ እሳት ሳይጫር ዋናው ቫልቭ ይዘጋ፣ መስኮት ይከፈት፣ ከዚያ የቧንቧው መጋጠሚያ በሳሙና አረፋ ይፈተሽ። ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሜቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል፤ ስለዚህ ቀዳዳ ያለው ማብላያ አየር ንብረቱን ይጎዳል እንጂ አይጠቅምም።

ማብላያው የሚመቸው 35 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። እንደ ደብረ ብርሃን ባለ ደጋ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ፣ ጋዙ በግልጽ ይቀንሳል። ፀሐይ በሚያገኘው፣ ከዛፍ በራቀ ቦታ መቆፈር ይረዳል፤ ሥር ግንቡን ይሰነጥቃልና።

አንድ ነገር ቀድሞ በግልጽ ቢነገር መልካም ነው፦ ተራው የባዮጋዝ ምድጃ ለወጥና ለቡና እንጂ ለእንጀራ አይሆንም። ሰፊ ምጣድ ዳር እስከ ዳር እኩል ለማጋል ብዙ ጋዝ ይጠይቃል። ይህን ሳይሰሙ ያስገነቡ ቤቶች ማገዶ ከነጭራሹ ይቀራል ብለው ጠብቀው ያዝናሉ።

የሚያስቆጨው ደግሞ መውጫው ላይ ያለው፣ ለእርሻ ማዳበሪያ የሚሆነው ዝቃጭ መዘንጋቱ ነው። ኩበት ሲነድ ናይትሮጂኑ በጭስ ይሄዳል፤ ባዮጋዝ ግን የሚወስደው ካርቦኑን ሲሆን ናይትሮጂኑ ከሞላ ጎደል ዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። ዝቃጩ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ግን ናይትሮጂኑ ይተናል። ስለዚህ ከመውጫው አጠገብ ሁለት ጉድጓድ ቆፍሮ፣ ዝቃጩንና ገለባውን በየተራ እየደራረቡ፣ በላዩ ዳስ መጣል ያስፈልጋል። አንዱ ሞልቶ ሲበስል ሌላው ይሞላል።