ኬቪ እና ሲቪ፦ ስለ ቫልቭ የፍሰት ቁጥር የሚነገሩ ስህተቶች

ኬቪ የሚባለው ቁጥር፣ በቫልቩ መግቢያና መውጫ መካከል የ1 ባር የግፊት ልዩነት ሲኖር በሰዓት ስንት ሜትር ኩብ ውሃ እንደሚያልፍ ይናገራል። ሲቪ የአሜሪካኖቹ መለኪያ ነው፦ በ1 ፒኤስአይ (የአሜሪካ የግፊት መለኪያ) ልዩነት በደቂቃ ስንት የአሜሪካ ጋሎን። ሲቪ የኬቪ 1.156 እጥፍ ስለሆነ፣ ካታሎጉ የትኛውን እንደጻፈ ሳያዩ ማነጻጸር ገና ከጅምሩ 16 በመቶ ያሳስታል።

«ኬቪ 40 ከሆነ በሰዓት 40 ሜትር ኩብ ያሳልፋል።»
ልዩነቱ 1 ባር ከሆነ ብቻ ነው። ለውሃ፣ ፍሰት ማለት ኬቪ ሲባዛ በግፊት ልዩነቱ ዳግም ዘር ነው። ልዩነቱ 0.25 ባር ከሆነ ያው ቫልቭ የሚያሳልፈው 20 ሜትር ኩብ ነው። ፍሰቱን እጥፍ ለማድረግ ልዩነቱ አራት እጥፍ መሆን አለበት። ለእንፋሎትና ለጋዝ ይህ ስሌት አይሠራም፤ የራሳቸው ቀመር አላቸው።

«ቫልቭ የሚገዛው በቧንቧው ልክ ነው፤ ተለቅ ቢል አይጎዳም።»
ብዙ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ላይ ነው። በሰዓት 12 ሜትር ኩብ ውሃ ይፈለጋል፣ ለቫልቩ የተረፈው ልዩነት 0.64 ባር ነው እንበል። የ0.64 ዳግም ዘር 0.8 ስለሆነ የሚያስፈልገው ኬቪ 12 ÷ 0.8 = 15 ነው። ሙሉ ክፍት ኬቪው 16 የሆነ ቫልቭ መጠባበቂያ አይኖረውም፤ 25 ይስማማል። ቧንቧው ሰፊ ነው ተብሎ ኬቪው 160 የሆነ መስመራዊ ቫልቭ (ፍሰቱ ከመክፈቻው ጋር በእኩል መጠን የሚያድግ) ቢገጠም ግን ሥራውን የሚሠራው ወደ 9 በመቶ ገደማ ተከፍቶ ነው። እዚያ ላይ የአክቹዌተሩ (ቫልቩን የሚያንቀሳቅሰው መሣሪያ) ትንሽ እንቅስቃሴ ፍሰቱን ክፉኛ ይቀይረዋል፣ ቫልቩ ደጋግሞ ይከፈታል ይዘጋል፣ በጠባቡ ክፍተት የሚወረወረው ውሃም መቀመጫውን ይበላዋል። በተለመደው ፍሰት ከ60 እስከ 80 በመቶ ተከፍቶ የሚሠራ ቫልቭ መምረጥ ይሻላል። ከቧንቧው ማነሱ ነውር አይደለም፤ በሬዱሰር (የቧንቧ ማጥበቢያ) ይገባል። ሬዱሰሩ ኬቪውን በመጠኑ እንደሚቀንስ ግን አይዘንጋ፤ ቅነሳው በቦል (ቀዳዳ ባለው ኳስ የሚዘጋ) እና በቢራቢሮ (በሚዞር ሳህን የሚዘጋ) ቫልቭ ላይ ይብሳል።

«ግማሽ ከተከፈተ ግማሹን ያሳልፋል።»
መስመራዊ ከሆነ ወደዚያ ይጠጋል። እኩል ፐርሰንት በሚባለው (እያንዳንዱ እኩል የመክፈቻ ጭማሪ ፍሰቱን በእኩል መቶኛ በሚያሳድገው) እና የመቆጣጠሪያ ስፋቱ፣ ማለትም ሊቆጣጠረው የሚችለው ትልቁ ፍሰት ከትንሹ ጋር ሲነጻጸር፣ 50 ለ 1 በሆነው ግን 50 በመቶ ሲከፈት የሚገኘው ከሙሉ ኬቪው 14 በመቶ ብቻ ነው።

«የግፊት ልዩነቱ ሲጨምር ፍሰቱም ሁልጊዜ ይጨምራል።»
እስከ ገደቡ ድረስ ብቻ። በቫልቩ ጠባብ ቦታ ግፊቱ ከውሃው የትነት ግፊት በታች ሲወርድ ውሃው እዚያው ይፈላል፤ ከገደቡ በኋላ ፍሰቱ አይጨምርም። የዚህ ገደብ ስሌት ፍጹም ግፊት ይፈልጋል፤ ይኸውም ጌጁ (የግፊት መለኪያው) በሚያነበው ላይ የአየሩ ግፊት ሲደመር ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 0.76 ባር ገደማ ስለሆነ፣ ጌጁ 3 ባር ሲያነብ ፍጹም ግፊቱ 3.76 እንጂ 4 አይደለም። ውሃው 80 ዲግሪ ከሆነ፣ የግፊት መልሶ ማግኛ ቁጥሩ (ውሃው ጠባቡን ቦታ ካለፈ በኋላ ግፊቱ ምን ያህል እንደሚመለስ የሚያሳይ፤ ቁጥሩ ሲያንስ የሚመለሰው ይበዛል) 0.9 የሆነ ግሎብ ቫልቭ (መቀመጫው ላይ በሚወርድ መሰኪያ የሚዘጋ) እስከ 2.7 ባር ልዩነት ይሄዳል፤ ቁጥሩ 0.6 የሆነ ቦል ቫልቭ በ1.2 ባር ገደማ ይቆማል። ጉዳቱ ደግሞ ከገደቡ ቀድሞ ይጀምራል፦ ጠጠር የሚንኳኳ የሚመስል ድምፅ፣ ከዚያም የተቦረቦረ ብረት። ትልቅ ቫልቭ መቀየር ይህን አያድንም። የሚያድነው ግሎብ ማድረግ፣ ቫልቩን ውሃው ቀዝቀዝ ወዳለበት ወይም ግፊቱ ከፍ ወዳለበት ቦታ ማዛወር፣ አለዚያም ልዩነቱን ለሁለት ተከታታይ ቫልቮች ማካፈል ነው።