የክላሲካል ሳክስፎን መልመጃ መጻሕፍት ምርጫ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

በድሬዳዋም ሆነ በሐረር ክላሲካል ሳክስፎን የሚማር ወጣት መልመጃ የሚያገኘው በአብዛኛው ከእጅ ወደ እጅ ከሚዞር ፎቶ ኮፒ ወይም በስልክ ከሚላክለት ፋይል በመሆኑ፣ ስለ መጻሕፍቱ የሚነገረውን ሁሉ አብሮ ይቀበላል።

«ለሳክስፎን ያልተጻፈ መጽሐፍ አይጠቅምም» የሚለው አባባል ከሁሉ በላይ ይጎዳል። የሳክስፎን ፈጣሪ አዶልፍ ሳክስ የፈጠራ መብቱን ያስመዘገበው በ1846 እ.ኤ.አ. ስለሆነ፣ መሣሪያው እንደ እሱ የትንፋሽ መሣሪያ የሆኑትን የኦቦንና የክላሪኔትን ያህል የቆየ የመልመጃ ሀብት የለውም። በዓለም ዙሪያ ተማሪዎች የሚሠሩባቸው የፈርሊንግ 48 ኤቱዶች (አጫጭር የመልመጃ ሥራዎች) መጀመሪያ የተጻፉት ለኦቦ ነበር፤ ፈረንሳዊው የሳክስፎን ተጫዋች ማርሴል ሙል ለሳክስፎን አዘጋጅቶ 12 ጨመረባቸው። የኦቦም ሆነ የሳክስፎን ዝቅተኛው የጽሑፍ ኖታ ያው ቢ ፍላት በመሆኑ፣ የኦቦ መልመጃ ከሳክስፎን ዝቅተኛ ኖታ በታች አይወርድም። የክላሪኔት መጽሐፍ ግን እስከ ኢ ስለሚወርድ፣ የፍሉት መጽሐፍ ደግሞ ከሳክስፎን መደበኛ የድምፅ ክልል በላይ ስለሚወጣ፣ ከመጀመር በፊት ገጹን ማየት ያስፈልጋል።

የአልቶ ሳክስፎን መጽሐፍ ከእሱ ተለቅ ላለው ለቴነር ሳክስፎን አይሆንም የሚባለውም ስሕተት ነው፤ የጣት አያያዙም የኖታው አጻጻፍም አንድ ነው።

«ከባድ መጽሐፍ ቶሎ ያሳድጋል» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። እኔ የምመክረው ቀላል መፈተኛ ነው፦ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) 60 ላይ አድርገህ ከገጹ መካከል አራት ባር ሳታቋርጥ መጫወት ካልቻልክ፣ መጽሐፉ ለጊዜው ይቆይ። በከባድ ገጽ ላይ እየተደናቀፈ የሚለማመድ ተማሪ የሚያጠናው መደናቀፉን ነው፤ ትንፋሹም ድምፁም አብረው ይበላሻሉ።

ትዝታና ባቲ የሚጫወት ሰው የስኬል (የድምፅ መሰላል) መጽሐፍ አያስፈልገውም የሚለው ክርክር በተለይ የሠርግ ባንድ ውስጥ በሚሠሩ ዘንድ ይሰማል። ሜጀር ትዝታ ከሜጀር ስኬል አንደኛውን፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን፣ አምስተኛውንና ስድስተኛውን ብቻ ስለሚወስድ፣ በእሱ ብቻ የሠለጠነ እጅ የቀሩትን ሁለት ኖታዎች በክላሲካል ሥራ ሲያገኝ ይዘገያል። በሌላ በኩል የአውሮፓ መጻሕፍት ቅኝቶቻችንን አይዙም፤ ስለዚህ ከፈረንሳዊው የሳክስፎን ተጫዋች ዦን ማሪ ሎንዴክስ የስኬል መጽሐፍ ጎን ለጎን ትዝታን በ12ቱም ቁልፎች (መነሻ ድምፆች) በእጅ ጽፎ መለማመድ ተገቢ ነው።

ከመደበኛው በላይ ያለው የሳክስፎን የድምፅ ክልል፣ የጣት ሠንጠረዥ በማግኘት ብቻ አይከፈትም። የሳክስፎን ተጫዋቹ የሲጉርድ ራሸር መጽሐፍ ተማሪውን መጀመሪያ ወደ ኦቨርቶን (ከአንድ የጣት አያያዝ ወደሚወጡ ከፍ ያሉ ድምፆች) የሚመራው ለዚህ ነው፦ ዝቅተኛውን ቢ ፍላት ይዞ፣ ጣት ሳይቀይርና የኦክታቭ ቁልፉን ሳይነካ፣ በጉሮሮና በትንፋሽ ብቻ ኦክታቩን፣ ከዚያ በላይ ያለውን ኤፍ፣ ቀጥሎም ሁለተኛውን ኦክታቭ ማውጣት።